የሚያዝያው አልጌ የሐምሌ ጎርፍ ውጤት ነው፦ የግድብ ውሃ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን የመከታተያ ዝርዝር መመሪያ

የግድብ ውሃ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ሲመስል ሰው ሁሉ መጠየቅ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ምን ገባበት? ማን ምን ደፋበት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዘግይቷል። አልጌውን ያሳደገው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የገባው ከወራት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ ከቀይ ጎርፍ ጋር ነው።

የጎንደር ሰው ስለ አንገረብ ግድብ ሲያወራ ደለል ማንሳቱ አይቀርም። ደለሉ የግድቡን ሆድ እየሞላ የውሃውን ቦታ ይሻማል። ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ከተማ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ነገር ግን ደለሉ ባዶ እጁን አይመጣም። ከማሳ የታጠበ ፎስፈረስ ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ የደለል ጉዳይና የአልጌ ጉዳይ ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም ይህን ግንኙነት በራሳችሁ ዓይን እንድታዩትና እንድትለኩት ነው። የውሃ ኮሚቴ አባል፣ የግብርና ባለሙያ፣ የሳይንስ መምህር ወይም ግድብ ዳር የምትኖሩ ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

አልጌ ለማደግ ብርሃን፣ ሙቀት፣ የረጋ ውሃና ምግብ ይፈልጋል። ከምግቡ ውስጥ ወሳኞቹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው። በክብደት ሲታይ አልጌ ለ1 ግራም ፎስፈረስ 7 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይወስዳል። ከዚያች 1 ግራም ፎስፈረስ ደግሞ ከ100 ግራም በላይ ደረቅ አልጌ ሊወጣ ይችላል። ትንሽ ፎስፈረስ ብዙ ነገር የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ይህ በተግባር ታይቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። በአንዱ በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላው በኩል እነዚህኑ ከፎስፈረስ ጋር ጨመሩ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ናይትሮጅን አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። በሞቃት አገር ብዙ ሐይቆች ውስጥ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ነው። ችግሩ፣ ከሳይኖባክቴሪያ (አልጌ የሚመስሉ፣ አንዳንዶቹ መርዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች) ወገን አንዳንዶቹ ናይትሮጅንን ከአየር ላይ መውሰድ ይችላሉ። ፎስፈረስ ግን ከአየር አይገኝም። ከአፈር፣ ከማዳበሪያ፣ ከእበትና ከፍሳሽ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለቱንም መለካት፣ ትግሉን ግን ከፎስፈረስ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እኛ አገር ጉዳይ እንምጣ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ውሃ ቡናማ ነው። ምግብ ሞልቶበታል፤ ግን ጭቃው ብርሃን ስለሚከለክል አልጌው አያድግም። ዝናቡ ሲያባራ ጭቃው ቀስ እያለ ይረጋል፤ ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በጋው ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ ይረጋል። ክረምት የገባው ምግብ የሚበላው ያኔ ነው። ክረምት ላይ «ውሃው አልጌ የለውም» ብሎ መረጋጋት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ የምታዩት ነገር ምን እንደሆነ ለዩ

አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ጣና ዳር የምናውቀው እምቦጭ ሥርና ቅጠል ያለው ተክል ነው። እሱም የሚበላው ያንኑ ምግብ ነው፤ አልጌ ግን አይደለም።

ረጅም እንጨት ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ከወጣ ባለ ክር አልጌ ነው፤ ለዓይን ያስጠላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መርዝ የለውም። እንጨቱ ቀለም የተቀባ መስሎ ከወጣ ሳይኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይኼኛው ነው የሚያሳስበው።

ሁለተኛ ማረጋገጫ አለ። ጓንት አድርጉና በንጹሕ ሃይላንድ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቅዱ። ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙሉት። ክዳኑን አላልታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ላዩ ላይ «አይጠጣም» ብላችሁ መጻፍ እንዳትረሱ። እስኪነጋ አትነካኩት። ጠዋት አረንጓዴው ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱ ሥር ቀለበት ከሠራ ሳይኖባክቴሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው አየር የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ይንሳፈፋሉ። ታች ከዘቀጠ ሌላ ዓይነት አልጌ ሊሆን ይችላል። ሙከራው መርዝ መኖር አለመኖሩን አይነግራችሁም። ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የመለኪያ ቀኖቻችሁን ቀድማችሁ ወስኑ

በዓመት አራት ጊዜ ከለካችሁ ታሪኩን ትይዙታላችሁ። አንደኛው ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ደህና ጎርፍ ሲመጣ ነው። ይህ ሊያመልጣችሁ አይገባም፤ በበጋ መሬት ላይ የተከማቸው እበት፣ አመድና ቆሻሻ የሚታጠበው በእሱ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ ላይ፣ ሦስተኛው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ውሃው ሲጠራ፣ አራተኛው ሚያዝያ ላይ። አቅም ካላችሁ በየወሩ ለኩ። ከሌላችሁ ግን በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ ከመለካት እነዚህን አራቱን መያዝ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ብርሃን የት ድረስ እንደሚገባ ለኩ

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሴኪ ዲስክ ይባላል። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. የሞከረው ነው፤ እስካሁን የተሻለ ርካሽ ነገር አልተገኘም። ከቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። በአራት ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቃችሁ ቀቡት። መሃሉን ብሱና የማይለጠጥ ገመድ እሰሩበት፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት አንጠልጥሉ። ገመዱን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበት።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከዓይን ሲጠፋ ጥልቀቱን ያዙ። መልሳችሁ ሳቡት፤ ሲታይ ደግሞ ያዙ። የሁለቱ አማካይ ነው የሚመዘገበው።

ከዚያ ውሃውን ነጭ ሲኒ ውስጥ ቅዱና ቀለሙን ተመልከቱ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። የውጭ መጻሕፍት ዲስኩ በ1.5 ሜትር ውስጥ ከጠፋ ውሃው ምግብ በዝቶበታል ይላሉ። ያ የሚሠራው ውሃውን ያደፈረሰው አልጌ ሲሆን ነው። ነሐሴ ላይ ዲስኩ ገና ከመግባቱ የሚሰወረው በአልጌ ሳይሆን በጭቃ ነው። ስለዚህ ከጥልቀቱ ጎን «ቡናማ» ወይም «አረንጓዴ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ደረጃ 4፦ ናሙና ውሰዱ

አራት ቦታ ይበቃል፦ ገባር ወንዞቹ ግድቡ ከመግባታቸው በፊት፣ ግድቡ መሃል ላይ፣ ከግንቡ አጠገብ ላይኛው ውሃ፣ እዚያው ከታች። የታችኛውን ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጠርሙሱን በልብስ ሳሙና አትጠቡት፤ ፎስፌት ሊኖርበት ስለሚችል ውጤቱን ያበላሸዋል። ላቦራቶሪው በአሲድ ያጠበውን ጠይቁ። ቦታው ላይ ስትደርሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡትና እዚያ ገልብጡት። እንዲህ ከሆነ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው አረፋ አይገባም። በረዶ ባለበት ሳጥን ይዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

ላቦራቶሪውን «ጠቅላላ ፎስፈረስ» እና «ጠቅላላ ናይትሮጅን» በሉት። የሟሟውን ፎስፌት ብቻ ከለኩላችሁ ከአፈር ጋር የተጣበቀው ይቀራል። አልጌው በበዛበት ሰሞንም የሟሟው ፎስፌት ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ አልጌው በልቶታላ! ውሃው ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ።

አሃዱንም አጣሩ። አንዱ ላቦራቶሪ በፎስፌት፣ ሌላው በፎስፈረስ ይጽፋል። የፎስፌቱ ቁጥር ከፎስፈረሱ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ናይትሬት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን አንብቡት

በጥቅሉ የሚሠራበት መለኪያ ይህ ነው። ጠቅላላ ፎስፈረስ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ውሃው ምግብ አጥሮታል። ከ10 እስከ 35 መካከለኛ ነው። ከ35 እስከ 100 ምግብ በዝቶበታል፤ አልጌ መጠበቅ ነው። ከ100 ካለፈ ከመጠን ያለፈ ነው። ክሎሮፊል (የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም) ማስለካት ከቻላችሁ፣ የዓመቱ አማካይ በሊትር ከ8 ማይክሮግራም ሲያልፍ ሁለተኛው ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው።

ናይትሮጅኑን ለፎስፈረሱ አካፍሉ። ውጤቱ ከ7 በታች ከሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ናይትሮጅን ከአየር ለሚወስዱት ሳይኖባክቴሪያዎች ይመቻል። ከ20 በላይ ከሆነ ፎስፈረሱ ነው የሚያልቀው።

35 ማይክሮግራም ስትሰሙ ኢምንት ይመስላል። ወደ ማዳበሪያ እንቀይረው። በሊትር 1 ማይክሮግራም ማለት በ1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 1 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የያዘን ግድብ ወደ 35 ለማድረስ 35 ኪሎ ፎስፈረስ ይበቃል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ላይ የተጻፈው 38 በመቶ በፎስፈረስ ኦክሳይድ የተቆጠረ ነው። ንጹሕ ፎስፈረሱ በኩንታል 16.6 ኪሎ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ከ2 ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ማዳበሪያ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢሟሟ፣ ያን ሁሉ ውሃ ከመካከለኛው ወደ አደገኛው ያሻግረዋል። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ነው እንግዲህ እንዲህ ታጥቦ የሚሄደው።

ደረጃ 6፦ ውሃውን ራሱን ጠይቁት

ይህን ደረጃ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ መሠራት ይችላል፤ መልሱም በዓይን ይታያል።

ጥቅምት ላይ ከግድቡ አንድ ጄሪካን ውሃ ቅዱ። ጥቃቅን እንስሳቱ አልጌውን እንዳይበሉት በጥቅጥቅ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። አሥራ ሁለት ንጹሕ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንዶች ላይ እኩል አከፋፍሉ፤ ትንሽ አየር ተዉላቸው። ሦስቱ ምንም አይጨመርባቸውም። ሦስቱ ናይትሮጅን፣ ሦስቱ ፎስፈረስ፣ ሦስቱ ሁለቱንም ያገኛሉ። ሦስት ሦስት የሚሆኑት አንዱ ጠርሙስ ቢበላሽ ሌሎቹ እንዲመሰክሩ ነው።

ለፎስፈረሱ 0.22 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። ለናይትሮጅኑ 3.6 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በሌላ 1 ሊትር። ከየአንዳንዱ ለአንድ ሊትር የግድብ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ጨምሩ። ይህ በሊትር 50 ማይክሮግራም ፎስፈረስና 500 ማይክሮግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። ኤንፒኤስ አትጠቀሙ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ስለያዘ የትኛው እንደሠራ አይለይላችሁም።

ጠርሙሶቹን ብርሃን በሚያገኝ መስኮት ዳር፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያቃጥላቸው ቦታ ደርድሩ። ክዳናቸውን አላሉ። በየቀኑ አንዴ ቀስ ብላችሁ ነቅንቋቸው፤ ቦታም አቀያይሩ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ከኋላቸው ነጭ ወረቀት አቁማችሁ አነጻጽሩ። ፎስፈረስ ያገኙት ብቻቸውን ካረነጓዱ ጎድሎ የነበረው ፎስፈረስ ነው። ሁለቱንም ያገኙት ብቻ ካረነጓዱ ሁለቱም ጎድለዋል። ሁሉም፣ ምንም ያልተጨመረባቸው ጭምር፣ ካረነጓዱ ግድቡ ውስጥ ከበቂ በላይ ምግብ አለ፤ አልጌውን ይዞት የነበረው ብርሃን ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ ላይ ደግሞ አንድ ጭማሪ ሞክሩ። ከቡናማው ውሃ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ። አንዱን በየጊዜው እየነቀነቃችሁ ጭቃው እንዳይረጋ አድርጉ። ሌላውን ሳትነኩ ተዉት። የተተወው ላይ ጭቃው ታች ይተኛል፤ ላዩ ይጠራል፤ ቀናት ሲያልፉ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽፋን መታየት ሊጀምር ይችላል። ከክረምት እስከ በጋ ግድቡ ውስጥ የሚሆነውን በመስኮታችሁ ላይ አያችሁት ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ጎርፉ ስንት ኪሎ እንደሚያስገባ አስሉ

ድልድይ ላይ ወይም ደህና ዳርቻ ላይ ሆናችሁ ሥሩ፤ ጎርፍ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። 10 ሜትር ለኩና ብርቱካን ጣሉ። በ8 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.25 ሜትር ነው። ላዩ ከታቹ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት፤ 1.06 ይሆናል። ወንዙ 4 ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው (ስፋቱንና ጥልቀቱን በበጋ ቀድማችሁ ለክታችሁ ምልክት ትከሉ) በሰከንድ 2.1 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያልፋል። ናሙናው በሊትር 0.3 ሚሊግራም ጠቅላላ ፎስፈረስ ካሳየ፣ ጎርፉ ሙሉ ቀን ቢቆይ 55 ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ ገባ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ።

ከዚህ ውስጥ አልጌው ወዲያው የሚያገኘው ከፊሉን ነው። ቀሪው ከአፈሩ ብረት ጋር ተጣብቆ ታች ይተኛል። ግን ለዘለዓለም አይተኛም። በጋ ላይ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ሲያልቅበት ብረቱ የያዘውን ፎስፈረስ ይለቃል። የታችኛውን ናሙና ውሰዱ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከላዩ በብዙ ከበለጠ ደለሉ መልሶ እያበደረ ነው።

ግድቡን በግምት ለመተንበይ የሪቻርድ ቮለንዋይደር ቀመር አለ። የሚገባው ውሃ አማካይ ፎስፈረስ ሲካፈል ለ1 ሲደመር የቆይታ ጊዜው ስኩዌር ሩት። የቆይታ ጊዜ ማለት የግድቡ መጠን ሲካፈል በዓመት ለሚወጣው ውሃ ነው። የሚገባው 150 ማይክሮግራም፣ ቆይታው ግማሽ ዓመት ከሆነ፣ ግድቡ ውስጥ 88 ይሆናል። ወደ 35 ለማውረድ የሚገባውን ወደ 60 ማውረድ አለባችሁ። ቀመሩ በአብዛኛው ከቀዝቃዛ አገር ሐይቆች የተገኘ ስለሆነ አቅጣጫ ለማየት ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 8፦ ከሰኔ በፊት ሥሩ

ትልቁ ሥራ ያለው ላይ ተፋሰሱ ውስጥ ነው። ጥር አካባቢ የሚወጣው የተፋሰስ ሥራ ለአልጌም ያገለግላል፦ እርከን፣ በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር፣ ከንክኪ ነጻ የሆነ ዳገት። ከአፈሩ ጋር ፎስፈረሱም ይቀራልና። የገባር ወንዞቹን ዳር ዳር አሥር ሜትር ያህል እንኳ ሳይታረስ ደሾ ሳር ወይም ቬቲቨር ቢተከልበት ጎርፉ ደለሉን እዚያው ይጥላል። ሳሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ገበሬውም መሬቱን በነጻ አልሰጠም።

ማዳበሪያ ላይ፣ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን፣ በመስመር ለሚዘራው ሰብል አፈር ውስጥ መቅበር። የእበት ክምር ከቦረቦር ራስ ይራቅ። ከብቶች ግድቡ ውስጥ ገብተው ከሚጠጡ ራቅ ብሎ ገንዳ ይሠራላቸው። ልብስ አጣቢዎችም ውሃውን ቀድተው ራቅ ብለው ሜዳ ላይ ያጥቡ፤ እጣቢው አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ሰው በዓመት ግማሽ ኪሎ ገደማ ፎስፈረስ ያስወግዳል፤ ስለዚህ ወደ ግድቡ የሚፈስ ሽንት ቤት ካለ ከሁሉም በፊት እሱ ይዘጋ።

በግድቡ መግቢያ የደለል መያዣ ካለ ግንቦት ላይ ይጠረግ። የተጠረገው ዳር ላይ አይከመር፤ ሰኔ መልሶ ያስገባዋል። ለማሳ ግን ጥሩ አፈር ነው። አዲስ ግድብ ሊሞላ ከሆነ ደግሞ የሚሰጥመው ቁጥቋጦና ሣር አስቀድሞ ይነሳ፤ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምግብ ይሞላዋል።

አልጌው ከመጣ በኋላ

ነፋሱ አረንጓዴውን ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል። በዚያ በኩል ከብትም ልጅም አይግባ። ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋም፤ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ። የመዳብ ሰልፌት ወይም ክሎሪን ግድቡ ላይ መርጨትም መፍትሔ አይደለም፤ ሴሎቹ ፈንድተው በውስጣቸው የነበረው መርዝ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። የማጣሪያ ጣቢያ ባለሙያዎች ውሃውን ከአረፋው ዝቅ፣ ኦክስጅን ካለቀበት ታችኛው ውሃ ከፍ ካለ ቦታ መውሰድ፣ ሴሎቹን ሳይፈነዱ በአሉሚኒየም ሰልፌት (አለም) ማዝቀጥ፣ ክሎሪኑን ከዚያ በኋላ መጨመር ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን (የሳይኖባክቴሪያ መርዝ) ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ብራዚል ካሩአሩ ከተማ፣ በዚህ መርዝ የተበከለ የግድብ ውሃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 የማያንሱ ታካሚዎች ሞተዋል። እዚያ መርዙ በቀጥታ ደም ውስጥ ስለገባ ነው የከፋው፤ ስለዚህ አልጌ ሲታይ በቅድሚያ የሚነገረው የኩላሊት እጥበት ለሚሰጥ ሆስፒታል መሆን አለበት።

የሚገባውን ፎስፈረስ ብትቀንሱም በቀጣዩ ሚያዝያ ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ፤ ታች የተኛው ደለል ለዓመታት ይለቃል። መዝገቡን ግን አታቋርጡ። በየዓመቱ በእነዚያው አራት ሰሞኖች፣ በእነዚያው ቦታዎች፣ ከዲስኩ ጥልቀትና ከቀለሙ ጎን የክረምቱን ዝናብና የግድቡን ከፍታ አብራችሁ ጻፉ። በመጀመሪያ ለውጡ የሚታየው በሰኔው ጎርፍ ናሙና ላይ ነው፤ የግድቡ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይከተላል።